ኮሪደር ላይ የተነገረኝ ነገር፦ ወደ ዓይን ስለሚሰራጭ ካንሰር

(ይህ ለጡት ካንሰር ታካሚዎችና አስታማሚዎች ስብሰባ ላይ ያወራሁት ነው። አንዲት እህት በስልኳ ቀድታ ላከችልኝ። እየደጋገምኩ የተንተባተብኩበትን ቆረጥኩ፣ የቀረውን ብዙም አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ። መጀመሪያ ይቅርታ፣ ፕሮጀክተሩ እምቢ ብሏል። ብዙ ፎቶ ይዤ ነበር። አሁን በአፌ ልሥልላችሁ ነው፣ እንግዲህ ቻሉኝ።

ከአንድ ታሪክ ልጀምር። ገና ጀማሪ የዓይን ሐኪም ሳለሁ ነው። አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል፣ ነጠላቸው የጸዳ፣ አንደበታቸው የጣፈጠ። «የግራ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰብኝ» አሉኝ። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት መነጽር ገዝተዋል። የመጀመሪያው ሦስት ሳምንት ያህል ጥሩ ሠራ፣ ከዚያ ደበዘዘ። ሁለተኛውም ያው። እውነቱን ለመናገር እኔ ጋ የመጡት ለመታከም አልነበረም፣ መነጽር ቤቱን ለመክሰስ ነው።

እኔም እንደ ደንቡ ጠየቅኩ። ስኳር? የለም። ደም ግፊት? የለም። የሚወስዱት መድኃኒት? «ልጄ ማታ ማታ የሚሰጠኝ ቫይታሚን አለች፣ ሌላ የለም።» ሌላ በሽታ አለብዎት? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም የለብኝም።» ልጁ ወለሉን ያያል። እኔ ወረፋውን አያለሁ። ውጭ ሠላሳ ሰው ይጠብቃል። የመነጽር ቁጥር ጽፌ፣ «ከስድስት ወር በኋላ ይምጡ» ብዬ አሰናበትኳቸው።

በሩ ተዘጋ፣ መልሶ ተከፈተ። ልጁ ነው። «ዶክተር፣ አንዴ ውጭ ላናግርዎት?» ኮሪደሩ ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቱ ከአራት ዓመት በፊት ጡታቸው እንደተነሳ ነገረኝ። ካንሰር ነበር። ኬሞም ወስደዋል። «እጢ ነው ብለን ነው የነገርናት። እባክዎ እንዳይነግሯት። ቫይታሚን የምትለውም ታሞክሲፈን የሚባል የጡት ካንሰር ክኒን ነው።» ይህን ሁሉ የነገረኝ ከዓይናቸው ጋር የሚገናኝ መስሎት አይደለም። የማዝላቸው ጠብታ ከክኒኑ ጋር እንዳይጋጭ ብሎ ነው።

መልሼ ጠራኋቸው። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አደረግኩላቸው፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቁ፣ በመብራት ወደ ውስጥ አየሁ። ግራ ዓይናቸው ውስጥ ሦስት ነገር ነበር። ቀኙ ውስጥ ደግሞ አንድ፣ ጭራሽ ያልተሰማቸው።

ዛሬ የማወራው ስለዚያ ኮሪደር ነው። ስለ ዓይን ካንሰር አወራለሁ ብዬ ነው የተጋበዝኩት፣ አወራለሁም። ግን ኮሪደሩን አልረሳውም።

እሺ። ምንድን ነው ይሄ ነገር?

እዚያው ዓይን ላይ የሚጀምር ካንሰር አለ። ሕፃናት ላይ ሬቲኖብላስቶማ የሚባል አለ፤ በፍላሽ ፎቶ ሲነሱ የአንድ ዓይናቸው ብሌን ነጭ ሆኖ የሚያበራ ልጆች ካያችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው፣ ነገ አትበሉ። ፀሐይ ላይ የሚውሉ ሰዎች ደግሞ የዓይናቸው ነጭ ክፍል ላይ የሚበቅል አለ። እነዚህ ለሌላ ቀን ይቆዩን። የዛሬው ሌላ ቦታ ተወልዶ ዓይን ውስጥ የሰፈረ ነው። ጡት ላይ፣ ሳንባ ላይ፣ ኩላሊት ላይ፣ አንጀት ላይ ይጀምርና ከዚያ ይመጣል። ብዙ ሰው፣ ሐኪሙም ጭምር፣ ይሄ ብርቅ ይመስለዋል። አዋቂዎች ላይ ግን ዓይን ውስጥ ከሚገኙት ካንሰሮች በብዛት አንደኛ ነው ተብሎ የሚታሰበው ይሄው ከሌላ ቦታ የመጣው ነው።

በምን ይመጣል? በደም። የዓይን ውስጠኛ ክፍል እንደ ጡት ወይም እንደ አንገት የሊምፍ መተላለፊያ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ በር የሚሆነው የደም ሥር ነው። ከልብ የወጣ ደም በአንገት በኩል ይወጣል፣ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ዓይን ይገባል፣ እሱም ከዓይን ጀርባ ሃያ ገደማ ወደሚሆኑ ቀጫጭን ሥሮች ይከፋፈላል። እነዚህ የሚፈሱበት ቦታ ኮሮይድ ይባላል። ሬቲናን እንደ ካሜራ ፊልም ካሰባችሁት፣ ኮሮይድ ከፊልሙ ሥር ያለ፣ በደም የራሰ ስፖንጅ ነው። ወደ ዓይን ከሚገባው ደም አብዛኛውን የሚወስደው እሱ ነው። በደም ተሳፍሮ የሚሄድ የካንሰር ሕዋስም ብዙ ጊዜ የሚወርደው እዚያው ነው።

ግን ደም ብቻ አይደለም ምክንያቱ። እዚህ ጋ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። በ1889 እስቲፈን ፓጄት የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ አገላብጦ አንድ ነገር አስገረመው። ካንሰሩ 241ዱ ጉበት ላይ ደርሷል፣ ጣፊያ ላይ ግን 17ቱ ብቻ። ሁለቱም ደም የሚጠጡ አካላት ናቸው። ነገሩ እንዲሁ የዕድል ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይራራቅም ነበር። ስለዚህ ካንሰርን ከዘር ጋር አመሳሰለው፦ ዘሩ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ የሚበቅለው ግን የተስማማው አፈር ላይ ሲወድቅ ነው። ገበሬ አባቴ ይህን ቢሰማ «ታዲያ ይሄ ምኑ አዲስ ነው?» ይል ነበር። የሚገርመው ግን ፓጄት ራሱ ሐሳቡን ከእሱ በፊት ያነሳው ሌላ ሰው እንደሆነ ጽፏል፤ ኤርንስት ፉክስ፣ ኦስትሪያዊ የዓይን ሐኪም። እኛ የዓይን ሐኪሞች በሕክምናው ሠፈር ብዙም አንቆጠርም፣ መነጽር የምናዝዝ ብቻ እንመስላለን። እና ይቺን ታሪክ ባገኘሁበት አጋጣሚ ሁሉ አነሳታለሁ።

ቁጥር የሚወድ ካለ፣ ፊላደልፊያ ያለው የዊልስ የዓይን ሆስፒታል ሐኪሞች በ1997 ያወጡት ጥናት እስካሁን ይጠቀሳል። 420 ታካሚዎች ናቸው። ከሁሉም እጢዎች 88 በመቶው ያረፈው ኮሮይድ ላይ ነው። መነሻው ግማሽ ሊሞላ ምንም ባልቀረው፣ 47 በመቶ ላይ፣ የጡት ካንሰር ነው። ሳንባ በ21 በመቶ ይከተላል። እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ 34 በመቶው፣ ማለት ከሦስት ሰው አንዱ፣ ዓይኑ ሲታይ ካንሰር እንዳለበት የሚያውቅ አልነበረም። ዓይናቸው ነው የመሰከረባቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሲፈለግ ሲፈለግ በብዛት የተገኘው የሳንባ ካንሰር ነው። የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ግን አብዛኞቹ ቀድመው ያውቃሉ። ወይም ቤተሰባቸው ያውቃል።

አገራችንን ለምን አነሳለሁ? ኢትዮጵያ ውስጥ ከካንሰር ሁሉ በብዛት የሚገኘው የጡት ካንሰር ነው። በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት ከ77 ሺህ በላይ አዲስ የካንሰር ታማሚ አለ ተብሏል፣ ከዚያ ውስጥ 16 ሺህ ያህሉ የጡት ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ሐኪም ጋ የሚደርሱት ዘግይተው፣ ከተሰራጨ በኋላ ነው። ሕክምናው በተሻሻለ ቁጥር ሰው ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖራል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ረዘም ሲል ግን ካንሰሩም እንደ ዓይን ያሉ ሩቅ ቦታዎች ለመድረስ ጊዜ ያገኛል።

አሁን ወደ ስሜቱ። ምን ይሰማል?

ብዙ ጊዜ ሕመም የለም። መጥፎነቱም እዚህ ላይ ነው፣ ሰው የማያመውን ነገር ችላ ይላል። መጀመሪያ ብዥታ ነው። ከዚያ ቀጥ ያለው መስመር ይጣመማል፣ የበሩ መቃን የጎበጠ ይመስላል። አንዳንዱ ብልጭታ ያያል፣ አንዳንዱ ከፊቱ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነገር። አንዳንዱ ከጎን የተጋረደ መጋረጃ።

የእነዚያ እናት መነጽር ለምን እንዳልያዘላቸው አሁን ልንገራችሁ። እጢው ከሬቲና ሥር ሲያብጥ፣ ሥሩም ውኃ ሲቋጥር፣ ሬቲናን ወደ ፊት ይገፋዋል። ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁት ወረቀት ከሥሩ እርጥበት ሲገባው እንዴት እንደሚያብጥ አይታችኋል? እንደዚያ። ሬቲና ወደ ፊት ሲመጣ ዓይኑ በልኬት አጭር ይሆናል፣ የመነጽሩ ቁጥር በፕላስ በኩል ይጨምራል። አዲስ መነጽር ይሠራላቸዋል፣ ያያሉ። እብጠቱ ይጨምራል። መነጽሩ ይበላሻል። መነጽሩ ምንም አልሆነም እኮ! የተንቀሳቀሰው ዓይናቸው ነው። ውኃው ደግሞ ሲተኙና ሲቀመጡ ቦታ ይቀያይራል፣ ስለዚህ «ጠዋት ስነሳ ሌላ ነው፣ ቀን ሌላ» የሚል ሰው ካጋጠመኝ ጆሮዬ ይቆማል።

ቤት ሆናችሁ ልታደርጉት የምትችሉት አንድ ነገር አለ። አንዱን ዓይን በመዳፋችሁ ሸፍኑ፣ በሌላው ብቻ የመስኮቱን ፍርግርግ ወይም የቀን መቁጠሪያውን ሣጥኖች እዩ። ከዚያ ቀይሩ። ሁለቱንም ገልጦ ማየት አይጠቅምም፣ ደህናው ዓይን የታመመውን ጉድ ይሸፍናልና። ስንት ሰው አለ አንድ ዓይኑ መጥፋቱን ያወቀው ሌላው ዓይኑ ውስጥ ሳሙና ሲገባበት!

ሁልጊዜ ከኋላ ብቻ አይመጣም። አልፎ አልፎ አይሪስ ላይ፣ ማለት ባለ ቀለሙ ክብ ላይ ያርፋል። ያኔ ዓይን ይቀላል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ከፊት መግል የመሰለ ነገር ይዘቅጣል። «ብግነት ነው» ተብሎ የስቴሮይድ ጠብታ ይታዘዛል፣ ትንሽ ይሻላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይታዘዛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከዓይን ኳሱ ውጪ፣ ጎድጓዳው አጥንት ውስጥ ይሰፍርና ዓይኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይሄን ሁሉም ሰው ያየዋል። የሚያሳስተው ተቃራኒው ነው፤ አንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነት እንደ ጠባሳ ስለሚሸበሸብ ዓይኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጎረቤት ያይና «ውይ፣ ከሳች» ይላል። አንዱ ዓይን ብቻ ነው እንዴ የሚከሳው?

እሺ፣ ሐኪሙ እንዴት ያውቃል?

ብሌን ሳይሰፋ የዓይን ጀርባ በደንብ አይታይም፣ በቃ። በቁልፍ ቀዳዳ ሳሎን እንደማየት ነው። ጠብታው ለጥቂት ሰዓት ማንበብ ይከለክላል፣ ፀሐይ ያስጠላል። «ዛሬ ሥራ አለኝ፣ ሌላ ቀን ይሁንልኝ» የሚለኝ ብዙ ነው። ካንሰር ታክማችሁ ከነበረና የዓይናችሁ ዕይታ ከተቀየረ ግን ጠብታው ሳይደረግ አትውጡ። ሐኪሙ ከረሳ እናንተ ጠይቁ። አይቆጣም። ቢቆጣም ይቆጣ።

ብሌኑ ሲሰፋ የሚታየው ምንድን ነው? ፎቶው ቢኖር ኖሮ... የእኛ ሰው ዓይን ጀርባው ቡናማ ነው፣ የተቆላ ቡና ልበላችሁ። እዚያ ላይ ለጋ ቅቤ ጠብ ያለ ይመስላል። ፈዛዛ ቢጫ፣ ጠርዙ ደብዛዛ፣ ጠፍጠፍ ያለ። የጡትና የሳንባው እንዲህ ነው። ከኩላሊትና ከታይሮይድ የመጣው ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ሜላኖማ ከሚባለው የቆዳ ካንሰር የመጣ ደግሞ ይጠቁራል። በዙሪያው የሚቋጥረው ውኃ ብዙ ጊዜ ከእጢው መጠን ጋር አይመጣጠንም፣ ትንሽ እጢ ብዙ ውኃ። ከአንድ በላይ ከሆነ፣ በሁለቱም ዓይን ከሆነ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ለዚህ ነው ደህና የተባለውንም ዓይን የምናየው።

ከዚያ አልትራሳውንድ አለ፣ ያው ለእርግዝና የምታውቁት፣ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ፣ በተዘጋ የዓይን ቆብ ላይ የሚደረግ። እዚያው ኮሮይድ ላይ የሚጀምረው ሜላኖማ ድምፁን ይውጠዋል፣ አንዳንዴም እንደ እንጉዳይ ባርኔጣ ያወጣል። ከሌላ የመጣው ግን ድምፁን አብዝቶ ይመልሳል፣ ቅርጹም ዝርግ ነው። ሜላኖማው ነጮች ላይ እንጂ ጥቁሮች ላይ በጣም ጥቂት ነው፣ ስለዚህ እኛ ጋ ሐሳባችን ቶሎ ወደዚያ አይሄድም። ኦሲቲ የሚባል ማሽን ደግሞ ሬቲናን እንደ ኬክ በጎን ቆርጦ ያሳያል። የእጢው ጣራ ለስላሳ ከሆነ ሌላ ነገር ይታሰባል። ኮረኮንች መንገድ ከመሰለ፣ ወጣ ገባ፣ ከሆነ፣ ከሌላ ቦታ መምጣቱን ያመለክታል። በክንድ ደም ሥር ቢጫ ቀለም ተወግቶ የሚነሳ ፎቶም አለ፤ እሱን ካደረጋችሁ በኋላ ሽንታችሁ ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ፣ ቀለሙ ነው። ሁሉም ማሽን ሁሉም ቦታ የለም። የሰፋ ብሌን፣ መብራትና ሌንስ ግን የዓይን ሐኪም ባለበት ሁሉ አለ።

በመርፌ ናሙና መውሰድስ? ይቻላል፣ ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የጡት ካንሰር እንዳለባት የታወቀች ሴት ዓይን ውስጥ ቢጫ እጢ ሁለት ሦስት ቦታ ከታየ ማንም ዓይኗን አይወጋም። የሚወጋው መነሻው ሲፈለግ ጠፍቶ፣ ሌላ ናሙና የሚወሰድበት ቦታም ሲታጣ ነው። ይልቅ ቀሪው አካል ይፈተሻል። ደረት፣ ሆድ፣ አጥንት፣ አንጎልም። ዓይን ላይ የደረሰ ሌላም ቦታ የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነውና።

አሁን ከማሽን ሁሉ የሚበልጠው ላይ ደረስን፦ ጥያቄ። እዚህ ጋ አማርኛችን ራሱ ይፈትነናል።

«ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ነቀርሳ ካንሰር ነው አይደል? «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባልስ? ቲቢ ነው! አንድ ሰው «ከዓመታት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ታክሜ ነበር» ካለኝ የቱን እንደሆነ በቃሉ ብቻ ማወቅ አልችልም። አብዛኛው ሰው ቲቢ ማለቱ ነው፣ ግን የሳንባ ካንሰር ታክሞ «ነቀርሳ» ብቻ የተባለም አለ። የቋንቋ ጨዋታ ብቻ ቢሆን በሳቅን። ቲቢም እኮ ኮሮይድ ላይ ያርፋል። እሱም ቢጫ እብጠት ይሠራል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ በመብራት ስታየው ከካንሰሩ ጋር ወንድማማች ይመስላሉ። ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ በስምም በመልክም የሚመሳሰሉ ሁለት በሽታዎች አሉን። አንዱ በወራት መድኃኒት የሚድን፣ ሌላው ጭራሽ ሌላ መንገድ ያለው። እኔ አሁን እንዲህ ነው የምጠይቀው፦ ስንት ወር መድኃኒት ወሰዱ? በየቀኑ ጤና ጣቢያ ሄደው የሚውጡት ነበር? ጸጉር ረግፎ ነበር? ቀዶ ሕክምናስ? መልሱ ከቃሉ ይልቅ ይነግረኛል።

ከዚያ ደግሞ ስሙ ጨርሶ የማይጠራበት አለ። «ያ በሽታ»፣ «መጥፎው»፣ «እጢ»፣ «እባጭ»። ለዓይን ሐኪም ደግሞ ጡትን ማን ያነሳል? «ዓይኔን አመመኝ ብዬ መጥቼ ስለ ጡቴ ምን አገባው?» ልክ ነው፣ እንዲህ ቢታሰብ አይገርምም። ሐኪሞቹም ጥፋት አለብን፦ «ሌላ በሽታ አለብዎት?» ብሎ መጠየቅ አለመጠየቅ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ታክማ የዳነች ሴት «አለብኝ» አትልም። የለባትማ! አሁን ቃሌን ቀይሬዋለሁ። «በሕይወትዎ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል? የት አካባቢ? የወጣው ነገር ተመርምሮ ምን ተባለ?» እላለሁ። ሲጋራም እጠይቃለሁ። ሲጋራ አጭሶ የማያውቅም የሳንባ ካንሰር እንደሚይዘው ግን አልረሳም።

የዚያች እናት ነገር ሳልጨርስ። ውጤቱን ካየሁ በኋላ ልጁን «ካርዱን ይዘህ ና» ብዬ ወደ መዝገብ ቤት ላክሁት። ሆን ብዬ ነው። ብቻችንን ስንሆን «እማማ፣ ጡትዎ ላይ የተደረገልዎት ምን ነበር?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። «ጡቴን ቆርጠው፣ ጸጉሬ ረግፎ፣ ስድስት ጊዜ በመርፌ ያን ቀይ መድኃኒት አፍስሰውብኝ፣ የማላውቅ መስሏችሁ ነው?» ታዲያ ምነው ስጠይቅዎት የለም አሉኝ? «እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ? የማውቅ መሆኔን ካወቀ ይሰበራል።» ልጅ ለእናቱ ይደብቃል፣ እናት ለልጇ። መሀል ላይ ያለሁት እኔ የመነጽር ቁጥር እጽፋለሁ።

መደበቁን አልደግፍም፣ ሳልሸፋፍን ልናገር። ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ በእኔም ቤት ተደርጓል። ግን ምን መጠበቅ እንዳለባት የማታውቅ ሴት ብዥታውን ለዕድሜ ትሰጠዋለች። ሦስት ወር መነጽር ቤት ትመላለሳለች። እስቲ ቢያንስ፣ ቢያንስ፣ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ወረቀቱን ይያዝ። የፓቶሎጂ ውጤቱን (የወጣው ነገር ተመርምሮ የተባለውን)፣ የመድኃኒቶቹን ስም፣ ሕክምናው ያለቀበትን ቀን በስልክ ፎቶ አንሱት። እዚህ አብራ የምትኖረው ልጅ ምንም ሳታውቅ፣ ገንዘቡን የላከችው አሜሪካ ያለችው እህት ሁሉንም የምታውቅበት ቤት ስንት አለ! እኔ ደግሞ በአሜሪካ ሰዓት ሌሊት ነው ተብሎ እስኪነጋ እጠብቃለሁ። ልጅየው ወይም ልጅቷ አብራ ከገባች ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ታማሚውን ለብቻው አናግራለሁ። ኮሪደር ላይ የሚነገረው ክፍል ውስጥ ቢነገር ደስ ይለኛል፣ ካልሆነ ግን ኮሪደሩንም ራሴ እፈጥረዋለሁ።

ሕክምናውን ቶሎ ልለፈው፣ የካንሰር ሐኪሞች ከእኔ የተሻለ ይነግሯችኋል። ዋናው ነገር ዓይኑ ብቻውን አይታከምም። ኬሞ፣ የሆርሞን መድኃኒት፣ ካንሰሩን ለይተው የሚመቱ አዳዲስ ክኒኖች፣ እነዚህ ዓይኑ ውስጥ ያለውንም ሊያሳንሱት ይችላሉ፣ ስለዚህ አንዳንዴ እነሱን ጀምሮ ዓይኑን መከታተል ይበቃል። ዕይታ እየጠፋ ከሆነ ግን ጨረር ይታሰባል። በሁለት ሦስት ሳምንት ተከፋፍሎ ይሰጣል፣ ሲሰጥ አያምም፣ ብዙ ጊዜም እጢው ይሟሽሻል፣ ውኃው ይደርቃል። ችግሩ ወረፋ ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ አሁን እንደ ጅማ ያሉ ቦታዎችም ጀምረዋል፣ ግን ወረፋው አሁንም ወረፋ ነው። ኮሮይድ ላይ ያለ እጢ ደግሞ አይጠብቅም። ከማኩላው፣ ማለት ከምናነብበት ነጥብ ሥር ከገባ፣ ሳምንታት ለውጥ ያመጣሉ።

እናትየው ጨረር አገኙ። የግራው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ የቀኙ ግን ሳይበላሽ ቀረ። ለሁለት ፋሲካ ዳቦ ይዘው መጥተው ጠይቀውኛል።

ጥያቄ ካላችሁ።

(ከዚህ በታች ተሰብሳቢዎቹ የጠየቁኝ ነው፤ የተደጋገመውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።)

«ዓይኑ ይወጣል ወይ?» ሁሉም የሚፈሩት ይህን ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ካንሰር ከሆነ ዓይን ማውጣት በሽታውን አያድነውም፣ መነሻው እዚያ አይደለምና። የሚወጣው ጨርሶ ማየት ያቆመና በሕመም የሚያሰቃይ ሲሆን ነው፣ እሱም ጥቂት ጊዜ።

«ሁላችንም አሁን ዓይናችንን እንታይ?» ካንሰራችሁ ካልተሰራጨና ዓይናችሁ ላይ ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ለዚህ ብላችሁ መሮጥ አያስፈልግም። ከተሰራጨ፣ በተለይ ሳንባ ወይም ሌላ ሩቅ ቦታ ከደረሰ፣ አንድ ጊዜ ብሌን አስፍቶ ማየት አይከፋም። ለውጥ ካለ ግን በዚያው ሳምንት።

«ታሞክሲፈን ራሱ ዓይን ይጎዳል ይባላል።» አዎ፣ አልፎ አልፎ ሬቲና ላይ ጥቃቅን ብልጭልጭ ነገር ይተዋል፣ ሞራንም ሊያፋጥን ይችላል። አሁን በሚሰጠው መጠን ግን ብዙ አይደለም። ራሳችሁ አታቋርጡት! ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ዓይናችሁን ታዩ፣ ከዚያ ይወሰናል።

«ጸበል እየሄድኩ ነው።» ሂጂ እህቴ። ክኒንሽንም ይዘሽ ሂጂ፣ ቀጠሮሽንም አትዝለይ። ዓይንሽ ላይ ከመረጨትሽ በፊት ግን ኬሞ ላይ ከሆንሽ ሐኪምሽን ጠይቂ፣ ሰውነትሽ በዚያ ሰሞን ኢንፌክሽን የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ ነው።

መጨረሻ ላይ ከኋላ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «እኔ መነጽር ቤት ነው የምሠራው። ሚስቴ ናት ታካሚዋ። እነዚያ እናት እኔ ጋ ቢመጡ ምን ባደርግ ነበር?»

ጥሩ ጥያቄ ነው አልኩት። የአንድ ዓይን ቁጥር በሳምንታት ውስጥ በፕላስ በኩል ከተቀየረ፣ ሌላው ደግሞ ባለበት ከቆመ፣ ሦስተኛውን መነጽር አትሽጥ። «ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል?» ብለህ ጠይቅ። የድሮውንና የአዲሱን ቁጥር ከነቀኑ ወረቀት ላይ ጻፍላቸው፣ ያቺ ወረቀት እኔ ጋ ስትደርስ ከግማሽ ሰዓት ምርመራ ትበልጣለች። ከዚያ ብሌን ወደሚሰፋበት ቦታ ላካቸው።

«መነጽሩ አልሠራም፣ ገንዘቤን መልስ ካሉኝስ?»

መልስላቸዋ።